ካርታው ላይ ኔትወርክ ነበረ

ልጆቼ፣ ይህን የምጽፍላችሁ ሱሉልታ ቤቴ በረንዳ ላይ ቁጭ ብዬ ነው። ከፊቴ የእንጦጦ ጀርባ ይታየኛል። አዲስ አበባ ከዚያ ማዶ ናት። ስልክ ሲደወልልኝ ግን ተነስቼ አጥሩ ጥግ ድረስ እሄዳለሁ፤ ቤት ውስጥ ይቆራረጣል። ዕድሜውን ሙሉ ኔትወርክ ሲዘረጋ የኖረ ሰው! ጎረቤቶቼ ይስቁብኛል፤ ቢስቁ አይፈረድባቸውም።

አገር አቀፍ የቴሌኮም ምርምር ስናቅድ ከየት እንጀምር ብላችሁ ጠይቃችሁኛል። 5ጂ፣ ሳተላይት፣ ኤአይ እያላችሁ ትከራከራላችሁ አሉ። እኔ መጀመሪያ ለኩ ነው የምለው።

ወጣት ሳለሁ የሠራሁትን ስህተት ልንገራችሁ። የአንድ የስልክ ማማ ሞገድ እስከ የት እንደሚደርስ በኦኩሙራ-ሃታ ቀመር አሰላሁና ካርታውን «ኔትወርክ አለ» ብዬ አረንጓዴ ቀባሁት። ጃፓናዊው ኦኩሙራና ባልደረቦቹ የሬዲዮ ሞገድ ጥንካሬን በቶኪዮና በዙሪያዋ ለክተው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1968 አሳተሙ፤ ሃታ በ1980 ወደ ቀመር አመጣው። ግሩም ሥራ ነው። እኔ ግን ቶኪዮ አልነበርኩም።

ማማው ሥራ ሲጀምር ቦታው ድረስ ሄድኩ። አረንጓዴ በቀባሁት መንደር አንዲት እማማ ስልካቸውን በፌስታል ጠቅልለው ባሕር ዛፍ ላይ ሰቅለዋል። ሲጠራ ሮጠው ይመጣሉ። ካወረዱት ይቋረጣል። ስለዚህ እዚያው እንደተሰቀለ ስፒከሩን ከፍተው፣ አንገታቸውን አቅንተው፣ ወደ ላይ እየጮኹ ያወራሉ። የልጃቸውን የጋብቻ ጉዳይ መንደሩ በሙሉ ሰማው፣ እኔም ጭምር። ከማማው ወዲህ አንድ ጉብታ ነበር። ካርታውን ስቀባ አላየሁትም።

አገራችን 1.1 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ናት። ዳሎል ከባሕር ወለል በታች ነው፤ ራስ ደጀን ከ4,500 ሜትር በላይ ነው። ለሁለቱም አንድ ቀመር አይበቃም።

ዝናቡስ? ማማን ከማማ የሚያገናኘው የማይክሮዌቭ ሊንክ፣ ማለትም የሬዲዮ ሞገድ መስመር፣ ከ10 ጊጋኸርዝ በላይ ሲሠራ በዝናብ ክፉኛ ይዳከማል። በዓመት ስንት ሚሊ ሜትር ዘነበ የሚለው ቁጥር እዚህ ላይ ብዙም አይጠቅማችሁም። ሊንኩን የሚጥለው በዓመት ተደምሮ 53 ደቂቃ ያህል የሚወርደው ዶፍ ነው፤ የዓመቱ 0.01 በመቶ መሆኑ ነው። እሱን ለመያዝ በየደቂቃው የሚመዘግብ የዝናብ መለኪያ ያስፈልጋል። ከጅማ እስከ ሰመራ በየዩኒቨርሲቲው ግቢ አንድ አንድ ትከሉ። ውድ ዕቃ አይደለም። ከባዱ ነገር ለዓመታት ሳያቋርጡ መመዝገብ ነው፤ በጀት ስትጠይቁ ይህን አስቀድማችሁ ጻፉ።

ማማዎቹ ያሉባቸውን ጣቢያዎች የሚጠብቁ ዘበኞችንም አትርሱ። አንዱ መብራት የጠፋበትን፣ ጀነሬተሩ የተነሳበትንና ናፍጣ ያለቀበትን ሰዓት በልጁ ደብተር ጀርባ ይጽፍ ነበር። ከእኛ ሪፖርት ጋር አስተያየሁት። የእሱ ይበልጣል። ዝናብ ነው እያልን የጻፍነው ብልሽት ብዙውን ጊዜ ናፍጣ ሆኖ ተገኘ።

እኔም በጡረታዬ ጓሮ ውስጥ አንድ የዝናብ መለኪያ ተክያለሁ። የክረምቱን መዝገብ ከፈለጋችሁ ንገሩኝ፤ አጥሩ ጥግ ሄጄ እልክላችኋለሁ።