መልስ፦ ጠዋት ሆዴን እያለ ትምህርት ቤት አልሄድም ስለሚለው ልጅ

እህቴ፣ 5ኛ ክፍል ያለው ልጅሽ ጠዋት ሆዱን እንደሚያመው፣ ቅዳሜና እሁድ ግን ደህና እንደሚውል ጽፈሻል። መጀመሪያ ሐኪም ይየው። ምንም ካልተገኘ ግን «ታስመስላለህ» አትበዪው፤ ጭንቀት የልጅን ሆድ የምር ያሳምማል። «ለምን?» ብለሽ ከማፋጠጥ «እረፍት ላይ ከማን ጋር ትጫወታለህ? ሽንት ቤት ስትሄድ የሚያስቸግርህ አለ?» ብለሽ ጠይቂው። ብዙ ጊዜ ልጆች በሌሎች ልጆች የሚቸገሩት መምህር በማያይበት ቦታ ነው።

ከዚያ የክፍሉን ኃላፊ መምህር ለብቻ አናግሪ። ቤት ማስቀረቱን አልመክርም፤ በቀረ ቁጥር መመለሱ ይከብደዋል። እየተመታ ከሆነ ግን መጀመሪያ ርዕሰ መምህሩ ያስቁሙለት። እንቅልፍና ምግብ ከተወ ወይም ስለ መሞት ካነሳ፣ ሳትውዪ ሳታድሪ የአእምሮ ሐኪም ዘንድ ውሰጂው። አዲስ አበባ ከሆንሽ አማኑኤል ሆስፒታል አለ።