ሽቅብ የሚያንቀው ሞተር፣ ቁልቁል የሚከዳ ፍሬን

ጥያቄው ከአዳማ ነው። ጠያቂው ከአጎቱ ያገኘውን አሮጌ ያማሃ ኤጂ 200 ሞተር ሳይክል አስነስቶ፣ ጓደኛውን አፈናጦ በአሰላ፣ በበቆጂ፣ በዶዶላና በዲንሾ አድርጎ ጎባ ለመግባት፣ ከዚያም የሳነቴን አምባ ተሻግሮ በሐረና ደን በኩል ዶሎ መና ለመውረድ አስቧል። ለሙከራ እስከ በቆጂ ሄዶ ነበር። «ጋሼ፣ አዳማ ላይ ደህና ነው። ከአሰላ በኋላ ግን ነዳጅ ስሰጠው ያንቀዋል፣ ጥቁር ጭስ ይተፋል፤ ስቀንስለት ይሻለዋል። ስመለስ ቁልቁለቱ ላይ የኋላ ፍሬኑ ሸተተኝ፣ ፔዳሉም ሰመጠ። አንድ ባለሙያ ሞተሩ አርጅቷል፣ ፒስተን ይቀየር ብሎኛል» ይላል። አምና ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ካርቡሬተር በአዲስ መቀየሩንና ጂግለሩ፣ ማለትም በውስጡ ቤንዚኑን በልክ የሚያሳልፈው ባለ ቀዳዳ ናስ፣ «ጉልበት እንዲያገኝ» ተብሎ በሽቦ መስፋቱንም ጨምሮ ጽፏል።

ወንድሜ፣ ፒስተኑን ተወው። ገንዘብህን ለፍሬን ሸራ አስቀምጥ።

ያረጀ ፒስተን የሚያጨሰው ሰማያዊ ነው፤ ዘይት ነው የሚያቃጥለው። ጥቁር ጭስ ያልተቃጠለ ቤንዚን ነው። ያረጀ ፒስተን ደግሞ አዳማ ላይም ያስቸግርሃል እንጂ አሰላ እስክትደርስ አይጠብቅም። ነዳጅ ስትቀንስለት መሻሉ ነገሩን ጨርሶታል፤ ዋናው ጂግለር የሚሠራው እጀታውን ብዙ ስታዞር ነውና። ነዳጅ አጥሮት ቢሆን ኖሮ፣ ለምሳሌ የታንከሩ ክዳን መተንፈሻ ተደፍኖ፣ ሞተሩ እየሳሳ ይጠፋ ነበር እንጂ ጥቁር አያጨስም። ሞተርህ ቤንዚን በዝቶበታል፤ ያበዛበትም ያ ሽቦ ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ይህን ነገር በደንብ የተረዳ ሰው ካርቡሬተሩን ለማንም አሳልፎ አይሰጥም። ካርቡሬተር ቤንዚን የሚያወጣው እንደ ፍሊት መርጫ ነው፤ አየር በጠባቡ ጉሮሮ ሲሮጥ ግፊቱ ይወርዳል፣ ቤንዚኑም ከታች ባለው ጂግለር በኩል ተስቦ ይወጣል። አዳማ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ የሳነቴ አምባ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፤ እዚያው ያለው የቱሉ ዲምቱ ተራራ ጫፍ 4,377 ሜትር ይደርሳል። ከአዳማ ተነስተህ እዚያ ስትደርስ ሞተሩ የሚስበው አየር ከአራት አንድ እጅ በሚጠጋ ይቀንሳል። ቤንዚኑ አብሮ በዚያው ልክ ቢቀንስ ኖሮ ችግር አልነበረም፤ ሞተሩ ደከም ይል ነበር እንጂ አያንቀውም። ነገር ግን ቤንዚኑ የሚቀንሰው ከስምንት አንድ እጅ ገደማ ብቻ ነው፤ ፍሰቱ የሚከተለው የግፊቱን ስኩዌር ሩት ነውና። ስለዚህ ከፍታ በጨመርክ ቁጥር ድብልቁ እየወፈረ ይሄዳል። ደህና የተመጠነ ካርቡሬተር ይህን ይሸከመዋል፤ ጉልበቱ ይቀንሳል፣ ካንዴላው ትንሽ ይጠቁራል፣ ግን ይወጣል። ቀድሞውኑ ጂግለሩ በሽቦ የሰፋ ከሆነ ግን ትርፉ አዳማ ላይ ተደብቆ ይቆይና አሰላ ላይ ይገለጣል። በቆጂ ላይ ያነቀው ሞተር ሳነቴን ማለፉን እጠራጠራለሁ።

ጂግለር በሽቦ የሚያሰፋ ሰው ያናድደኛል። ቀዳዳው በፋብሪካ በሚሊሜትር መቶኛ የሚለካ ናስ ነው፤ ሽቦ አንዴ ከገባበት ላዩ ላይ የተጻፈው ቁጥር ዋጋ የለውም። ስለዚህ አጽድቼ እጠቀምበታለሁ አትበል። በአምራቹ መጽሐፍ የተጻፈውን ቁጥር የያዘ ትክክለኛ ጂግለር ግዛ። ከዚያ በፊት ግን አንድ ጥያቄ አለኝ፦ የድሮው ካርቡሬተር አልተጣለም? ካለ በደንብ አጥበህ፣ ጎሚኒዎቹን ቀይረህ እሱን መልስ። ገበያ ላይ በርካሽ የሚሸጡት ቅጂዎች ሲያዩዋቸው ያምራሉ፤ ግን በውስጡ የቤንዚኑን ከፍታ የሚጠብቀው ተንሳፋፊ ከፍ ብሎ ወይም ዝቅ ብሎ ይመጣል፣ ተንሳፋፊው ቤንዚን የሚዘጋበት መርፌ መቀመጫም በወራት ይበላል።

መፍታት ከመጀመርህ በፊት የአየር ፊልትሮውን አውጥተህ እይ። የበቆጂ መንገድ አቧራ ደፍኖት ከሆነ እሱም ድብልቁን ያወፍራል። ስፖንጅ ከሆነ እጠበው፣ አድርቀው፣ ዘይት ቀባ አድርገህ ጭመቀው። ጠዋት ሞተር ለማስነሳት የምትስበው ሾክም ሙሉ በሙሉ መመለሱን በእጅህ አረጋግጥ።

ለሳነቴ ብለህ ከመጽሐፉ ያነሰ ጂግለር እንዳታስገባ። ከአምባው ወርደህ ዶሎ መና ስትደርስ ከ1,500 ሜትር በታች ነህ፤ ሙቀትም አለ። እዚያ ቤንዚን ያነሰው ሞተር ፒስተን ያቀልጣል፤ ያኔ በእርግጥ ፒስተን ትቀይራለህ። እጀታውን ስታዞር በካርቡሬተሩ ውስጥ ከፍ ዝቅ የሚለው ስላይድ የያዘው ረጅም መርፌ ጫፉ ላይ መስመሮች ካሉት፣ ጎባ ላይ መርፌውን የያዘውን ቅንጥብ አንድ መስመር ወደ ላይ አድርገው፤ መርፌው ዝቅ ይላል፣ ድብልቁ ይሳሳል። ሐረና ውስጥ ሪራ ስትደርስ ወደ ቦታው መልሰው። ካቻቢቴና ፒንሳ ይበቃሃል።

አሁን ወደ ሚያሳስበኝ። ማርሹን ነጻ አድርገህ በፎሌ አትውረድ። በደብዳቤህ አልጻፍከውም፣ ግን ፔዳሉ እስኪሰምጥ ፍሬኑ የጋለው ነዳጅ ለመቆጠብ በፎሌ ስለወረድክ ይመስለኛል። የአንተ ሞተር ሳይክል ፊቱም ኋላውም ታምቡር ፍሬን ነው፤ ሸራው ከውስጥ ሆኖ ከጎማው ጋር የሚዞረውን ክብ ብረት፣ ታምቡሩን፣ እየተጫነ ያቆማል። ታምቡር ሲግል ይሰፋል፣ ከሸራው ይርቃል፤ ሸራውም ሲቃጠል መያዙን ይተዋል። ከሳነቴ ጫፍ ወደ ሪራ የሚጣለው ጠመዝማዛ ጠጠር መንገድ ላይ ይህ ከደረሰብህ መቆሚያ የለህም።

የኋላውን ጎማ አውርድ። ሸራው ከ2 ሚሊሜትር ከሳሳ ወይም እንደ መስታወት ካብረቀረቀ ይቀየር። አቧራውን በአፍህ አትንፋ፣ በእርጥብ ጨርቅ ጥረገው። ከዚያ ከውጭ ያለውን የፍሬን ክንድ ተመልከት፤ ክንዱ በጥርስ ከሚገባበት ዘንግ ጫፍ ላይ ነጥብ አለ፣ በክንዱም ላይ እንዲሁ። ሁለቱ ነጥቦች ትይዩ ካልሆኑ አንድ ሰው ሸራ በመቀየር ፈንታ ክንዱን አንድ ጥርስ አሻግሮ ፔዳሉን «ጠንካራ» አድርጎልሃል። ይህን ጥገና ብዬ አልጠራውም። ውስጥ ያለው፣ ሸራዎቹን የሚገፋው ካም ከልኩ በላይ ይዞርና ወይ ሳይመለስ ይቀራል፣ ወይ ጎማውን ቆልፎ ይጥልሃል። ወደ ነጥቡ መልሰው፣ ሸራውን ቀይር፣ የካሙን ዘንግ በጣም ትንሽ ግሪስ አስነካው። የፊቱንም እንዲሁ። ሸራ ስትገዛ ርካሹን አትንካ፤ ሙጫው በሙቀት ይለቅና ሸራው ከብረቱ ተገንጥሎ ታምቡሩ ውስጥ ይጠቀለላል። አዲሱን ሸራ ሜዳ ላይ እየነዳህ አላምደው፣ ቁልቁለት ላይ አትፈትነው።

ስትወርድ ሁለተኛ ማርሽ ላይ ሁን፣ ሞተሩ እንደበራ ይሁን፣ እሱ ይያዝህ። ፍሬኑን ያዝ እያደረግህ ልቀቀው እንጂ ተደግፈኸው አትውረድ። ከሸተተህ ወዲያው ቁም፤ ታምቡሩ በራሱ ይቀዝቅዝ፣ ውሃ አታፍስበት። ጓደኛህ ደግሞ ከጎባ እስከ ዶሎ መና በመኪና ይሂድ። የሁለት ሰው ክብደት በአሮጌ ታምቡር ፍሬን በዚያ ቁልቁለት አልፈቅድም። በፎሌ መውረድን ደግሜ እከለክልሃለሁ፤ ቆጠብኩ የምትለው ቤንዚን ግማሽ ሊትር እንኳ አይሞላም።

የቀረው ቀላል ነው። ቤንዚን ሮቤ ወይም ጎባ ማደያ ሙላ፣ በጠርሙስ የሚሸጠውን ካልቸገረህ አትግዛ። ሁለት ካንዴላ፣ ትርፍ የፍሪሲዮን ገመድና ካላማዳሪ ያዝ። ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ጥር ዝናብ ይቀንሳል፣ ግን ሳነቴ ሌሊት ውሃ ያረጋል፤ በቀን ተሻገር፣ ዝግ ብለህ፤ ቀይ ቀበሮ መንገድ ያቋርጣል።

ጂግለሩን ቀይረህ እንደገና በቆጂ ውጣና ካንዴላውን እዚያው ፈትተህ እይ። ፈዛዛ ቡናማ ከሆነ ጨርሰሃል። አሁንም ጥላሸት ከለበሰ የተንሳፋፊውን መርፌ መቀመጫ ፈትሽ።