የያኪ ሰዋስው እንጀራ ይሆናል?

«አሜሪካ፣ አሪዞና ግዛት፣ ፊኒክስ ውስጥ ሥነ ልሳን እማራለሁ። የሜክሲኮና የአሪዞና ነባር ሕዝብ የሆኑትን የያኪዎችን ቋንቋ ሰዋስው ጽፌ መኖር እፈልጋለሁ፤ አባቴ ግን ‹ምን ይበላበታል?› ይሉኛል» ብለሽ ጽፈሽልኛል።

እህቴ፣ የአባትሽ ጥያቄ የዋዛ አይደለም። ከዚያ በፊት ግን አንቺ የምትመልሺው አለ፤ ያልተሠራው የትኛው ነው? የኢየሱሳውያን (የካቶሊክ ማኅበር) ሰባክያን ካሂታ ለሚባሉት የሜክሲኮ ቋንቋዎች ያዘጋጁት ሰዋስው እ.ኤ.አ. በ1737 ታትሟል፤ ያኪም ከእነዚሁ አንዱ ነው። በሜክሲኮዋ ሶኖራ ግዛት የሚነገረው ያኪ ሰፊ ሰዋስው ደግሞ በ1999 ከአሪዞና ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት ወጥቷል። ስለዚህ «ሙሉ ሰዋስው እጽፋለሁ» የሚለውን ተዪውና አንድ ቋጠሮ ያዢ።

እኔ ብሆን ግሱን እይዝ ነበር። አንድ ሰው ሲሮጥ «ቡይቴ» ነው፤ ብዙ ሲሆኑ ቃሉ ከነሥሩ ተቀይሮ «ቴኔ» ይሆናል። መግደል ላይ ሲደርስ ደግሞ የሚቆጠረው ገዳዩ ሳይሆን ሟቹ ነው፦ አንድ አጋዘን ሲገደል «ሜአ»፣ ብዙ ሲገደሉ «ሱአ»። እኛ «ገደለ፣ ገደሉ» ስንል የምንቆጥረው ገዳዮቹን ነው። ግሱ እንደ አማርኛ መጨረሻ ላይ ስለሚውል ዓረፍተ ነገሩ ብዙ አያደናግርሽም፤ ተሳቢውን የሚያመለክተው «ታ»ም የእኛን «ን» ይመስላል፤ «ማሶ» አጋዘን፣ «ማሶታ» አጋዘኑን። መምሰሉ ግን እንዳያታልልሽ፤ በብዙ ቁጥሩ «ማሶም» ላይ «ታ» አይገባም።

ወደ እንጀራው ስንመጣ፣ ሰዋስው ለመጻፍ ብቻ ደመወዝ የሚከፍል ቀጣሪ ጥቂት ነው። ከዩኒቨርሲቲ መምህርነት ውጪ የሚያኖርሽ አብሮት የሚመጣው ሙያ ነው፦ ድምፅ መቅዳት፣ የተቀዳውን ወደ ጽሑፍ መገልበጥ፣ መዝገበ ቃላት ማሰናዳት፣ ቅጂዎችን ለቤተ መዛግብት ማደራጀት። ይህንን ለአባትሽ ንገሪያቸው።

ከሁሉ የሚከብደው የያኪዎቹን ደጅ ማስከፈት ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ የሜክሲኮው ፕሬዚዳንት የፖርፊሪዮ ዲያዝ መንግሥት ያኪዎችን ከአገራቸው ርቆ ወዳለው ዩካታን የቃጫ እርሻዎች አግዟቸዋል፤ ብዙዎችም ወደ አሪዞና ሸሽተዋል። የእነዚህ ሰዎች የልጅ ልጆች ደብተር ይዞ የመጣን እንግዳ ወዲያው ቢያምኑ ነው የሚገርመው። ከጎሳው አስተዳደር ፈቃድ ሳታገኚ አንድም ቃል አትቅጂ። ስፓኒሽም አሁኑኑ ጀምሪ፤ ከሶኖራ አዛውንቶች ጋር የሚያግባባሽ እሱ ነው። ያኪዎች የመሠረቷት ጓዳሉፔ ለፊኒክስ ጎረቤት ናት፤ የፋሲካ ሰሞን ሥርዓታቸውን እንግዳም መጥቶ ያያል፤ መቅዳትና ፎቶ ማንሳት ግን ክልክል ነው። መጀመሪያ እዚያ ሂጂ፣ ባዶ እጅሽን።