ግቢ ለምትገቡ ልጆች፦ በሽምግልና የማይለቅ ጉዳይ

ሰላም ልጆቼ።

ነርስ ነበርኩ፤ አሁን ጡረተኛ ነኝ። ዕድሜዬን የፈጀሁት ወሎ ውስጥ ነው። መጀመሪያ ሆስፒታል ሠራሁ፣ ኋላ ደግሞ የተማሪዎች ክሊኒክ ገባሁ። የተማሪ ክሊኒክ ከውጭ ሲያዩት ቀላል ነው። ጨጓራ፣ ጉንፋን፣ ታይፎይድ፤ ፈተና ሲደርስ ደግሞ "ሲስተር የሕመም ፈቃድ ስጪኝ" የሚል ሰልፍ። ግን እዚያው ሰልፍ ውስጥ "ራሴን አሞኛል" ብላ ጀምራ፣ በሩ ሲዘጋ ሌላ ነገር የምታወራ ልጅ አትጠፋም። ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለዚያ ስለ ሌላው ነገር ነው፤ ስለ ወሲባዊ ትንኮሳና ጥቃት።

ምደባ ወጥቶላችሁ ሻንጣ የምታስሩ አላችሁ። ከወረኢሉ፣ ከሰቆጣ፣ ከቆቦ፣ ከሌላ ክልልም ወደ ደሴ፣ ወደ ኮምቦልቻ፣ ወደ ወልዲያ የምትመጡ። ደሴ የደረሳችሁ ወፍራም ብርድ ልብስ ያዙ፤ የጦሳ ተራራ ብርድ ቀልድ አያውቅም። ሌላውን እናታችሁ ትነግራችኋለች። ሴት ልጅ ስትሸኝ "ራስሽን ጠብቂ" ትባላለች። ወንዱ "በርታ" ተብሎ ይሸኛል፣ አለቀ። እኔ በዚህ አሸኛኘት ብዙም አልስማማም። አንድ ነገር የደረሰ ዕለት ምክሩ ዞሮ "ጠብቂ ብዬሽ አልነበር?" ይሆናል። ክሊኒክ ከመጡት ልጆች ብዙዎቹን ለቀናት ዝም ያሰኛቸው ከደረሰባቸው ነገር ይልቅ ይህ ጥያቄ ነው።

ግቢ እንደገባችሁ ኦሬንቴሽን አለ። አዳራሹ ይሞላል፣ ማይኩ ያፏጫል፣ ከሥርዓተ ፆታ ቢሮ የመጣችው ሴት ስለ ትንኮሳ ስትናገር ከኋላ ወንበር ሳቅ ይሰማል። እናንተ አትሳቁ። ከንግግሩ ሁሉ ምንም ባትይዙ ቢሮው የት ብሎክ፣ ስንተኛ ፎቅ እንደሆነ ያዙ። በሳምንቱ ሄዳችሁ በሩን እዩት። ጉዳት የደረሰበት ሰው ቢሮ ፍለጋ ግቢውን አይዞርም፤ እግሩ አይታዘዝለትም።

ኮሌጆች መከላከል ሲባል ፖስተር መለጠፍ ይቀናቸዋል። ፖስተሩን አልጠላም። አንድ ኮሌጅ ለጉዳዩ ግድ እንዳለው ማወቅ ስፈልግ ግን ግቢውን የማየው ማታ ነው። ከላይብረሪ እስከ ሴቶች ዶርም ያለው መንገድ መብራት አለው? የሻወሩ በር ከውስጥ ይቆለፋል? ሽንት ቤቱ ከብሎኩ ውጭ ነው? የዶርም ተቆጣጣሪዋ ፕሮክተር ከምሽቱ አራት ሰዓት በኋላ አለች ወይስ የለችም? አምፖል ተቃጥሎ ሴሚስተር ሙሉ ካልተቀየረ ፖስተሩ ለማን ነው የተለጠፈው? እነዚህን በተማሪዎች ሕብረት በኩል በጽሑፍ ጠይቁ። ወንዶቹም ጠይቁ። አምፖል የሴቶች ጉዳይ ብቻ ሆኖ መቅረቱ ሁሌም ይገርመኛል።

አሁን ወደ ውጤት ነገር ልምጣ፤ የሚያንገበግበኝ እሱ ነውና። "ውጤትሽ ጥሩ አይደለም፣ እስቲ ቅዳሜ ደውይልኝ።" መምህሩ እንዲህ ብሎ ነው የሚጀምረው። ልጅቷ ከቤተሰቧ ዩኒቨርሲቲ ለመግባት የመጀመሪያዋ ናት። ኤፍ ይዛ አገሯ ከመመለስ ሞት ይሻላታል። እሱም ይህን አሳምሮ ያውቃል።

ሕጉ ይህን ሰው ያውቀዋል። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 625፣ የሴትን ችግር ወይም በእሷ ላይ ያለውን ሥልጣን መጠቀሚያ አድርጎ ግንኙነት የሚፈጽምን ይቀጣል። አስተማሪ እዚያ ውስጥ በግልጽ ተጠቅሷል፤ ከአሠሪ ጎን። በውጤት ተይዛ "እሺ" ያለች ልጅ ፈቅዳለች እንደማይባል ሕጉ ገብቶታል ማለት ነው። ችግሩ፣ ክሱ አቤቱታ ይፈልጋል፤ ተበዳይዋ ካላመለከተች ክስ የለም። ቅጣቱም ቀላል እሥራት ነው። ለእኔ ያንሳል። ቢሆንም አለ፤ መኖሩን ደግሞ እናንተም እሱም እወቁት።

ቴሌግራም ላይ የጻፈላችሁን አታጥፉ። ተናዳችሁ ብሎክ ከማድረጋችሁ በፊት ስሙ፣ ቀኑና ሰዓቱ እንዲታይ አድርጋችሁ ስክሪንሹት አንሱና ለምታምኑት ሰው ላኩት። ቢሮ ሲጠራሽ ጓደኛሽን ይዘሽ ሂጂ፤ በሩም ክፍት ይሁን። ነውር የለውም፤ ንጹሕ መምህር በዚህ አይቀየምም። ውጤቱ ካልመሰለሽ ወረቀቱን ሌላ መምህር እንዲያይልሽ በዲፓርትመንት በኩል በጽሑፍ አመልክቺ። ደሴና ኮምቦልቻ የግል ኮሌጆችም ሞልተዋል። እዚያ "እኛ የግል ነን" የሚል ኃላፊ ከገጠማችሁ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በሥራ ቦታ ወሲባዊ ትንኮሳንም ጥቃትንም እንደሚከለክል ንገሩት።

አሁን ከባዱን። አንዲት ልጅ ተደፈረች እንበል።

መጀመሪያ ጤና ተቋም። ፖሊስ ጣቢያውም፣ ዲኑም ይደረስባቸዋል፤ ሰዓት የሚቆጥረው መድኃኒቱ ነው። ኤችአይቪን የሚከላከለው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፤ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ከሆነ ደግሞ እጅግ የተሻለ ነው። ከዚያ ለ28 ቀን ይዋጣል። ያቅለሸልሻል፣ ያደካክማል፤ አታቋርጡት። የድንገተኛ እርግዝና መከላከያው እስከ አምስት ቀን ድረስ ይሰጣል፤ ቀን በገፋ ቁጥር ግን ኃይሉ ይቀንሳል። ለአባላዘር በሽታ ሕክምና አለ፣ ለጉበት በሽታም ክትባት አለ።

ሰው መጀመሪያ የሚያምረው ውሃ ነው። ገላውን ፈትጎ መጣል ነው የሚፈልገው። ይገባኛል። ከቻለች ግን ሳትታጠብ ትምጣ። ልብሷን ቀይራ ከሆነ የቀየረችውን ፌስታል ውስጥ አትክተቱት፤ እርጥበት ይዞ ማስረጃውን ያበላሸዋል። ካኪ ፖስታ ወይም ንጹሕ ወረቀት ይሁን፤ የውስጥ ልብሱ ለብቻው፣ ሌላው ለብቻው። አትጠቡት፣ አታራግፉት። ታጥባ ከሆነም ትምጣ። ሳምንት አልፎም ከሆነ ትምጣ። "አሁንማ ምን ያደርግልኛል" ብላ የቀረች ልጅ ብዙ ነገር ይቀርባታል።

እርግዝና ተፈጥሮ ከሆነ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 551 በመደፈር የመጣ ጽንስ በሕክምና ባለሙያ እንዲቋረጥ ይፈቅዳል። ለዚህም የሴቲቱ ቃል ብቻ ይበቃል። "የፖሊስ ወረቀት አምጪ፣ የፍርድ ቤት ውሳኔ አምጪ" የሚላት ባለሙያ ካለ ተሳስቷል። ይህ በሃይማኖት የሚከብዳችሁ ትኖራላችሁ፤ እኔም ጸሎት የማደርስ ሰው ነኝ። ግን ሕጉን ሳታውቅ ጓሮ ሄዳ፣ ደም እየፈሰሳት በባጃጅ የመጣች ልጅ ተቀብያለሁ። ከዚያ በኋላ ይህን ሳልናገር ማለፍ አልችልም።

ሪፈር ሲጻፍላችሁ የአንድ ማዕከል አገልግሎት ያለው ሆስፒታል የትኛው እንደሆነ ጠይቁ። ሐኪሙ፣ የሥነ ልቦና ባለሙያው፣ ፖሊሱና ዓቃቤ ሕጉ በአንድ ቦታ የሚገኙበት ማለት ነው። አዲስ አበባ ጋንዲ ሆስፒታል ያለው ዓይነት። ልጅቷ ያንኑ ነገር አራት ቢሮ እየዞረች እንዳትደግመው ነው የተሠራው።

በ2014 ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን ሲያጥለቀልቅ የጤና ተቋማት ተዘረፉ። ያኔ ጥቃት ደርሶባቸው ከሳምንታት በኋላ ሐኪም ፊት የደረሱ ሴቶች ነበሩ፤ የመድኃኒቱ ጊዜ አልፎ። እነሱ በር አጥተው ነው። ዛሬ በሩ ተከፍቶ፣ መድኃኒቱ መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ፣ በሀፍረት ብቻ 72 ሰዓት ሲያልፍ ሳይ የባሰ ያበግነኛል።

አሁን ርዕሴ ላይ ወዳነሳሁት ሽምግልና ልምጣ። ወሎዬ ነኝና በሽምግልና አልቀልድም። አስታራቂ ሽማግሌዎቻችን፣ አበጋሮቹ፣ ደም ያደርቃሉ። የገዳይና የሟች ወገን አንድ ማዕድ ሲቆርስ በዓይኔ አይቻለሁ። ክርስቲያኑና እስላሙ አብሮ ተቀምጦ የሚታረቅበት አገር ነው። ነገሩን የሚያከብደውም ይኼው ነው። ሽማግሌ ሲመጣ እምቢ ማለት እዚህ አገር ብልግና ይመስላል፤ ይህን የሚያውቅ ሰው ይጠቀምበታል።

አንዴ አንዲት ልጅ ክሊኒክ አስተኝቻት ነበር። በማግስቱ ሦስት ሰዎች መጡ። አንዱ ጥቃት ያደረሰባት ልጅ አጎት ነው፣ ሁለቱ "የአገር ልጆች" የተባሉ ሲኒየሮች ናቸው። ብርቱካንና ሚሪንዳ ይዘዋል። አጎትየው ጋቢውን ሰብሰብ አድርጎ ተቀመጠና "ልጄ፣ አንቺም እህታችን ነሽ፤ እሱም እኮ ዘንድሮ ተመራቂ ነው" አላት። ልጅቷ የነጠላዋን ጥለት በጣቷ ትፈትላለች። ምንም አላለችም። "ዝም ካለች እሺ ብላለች" አለ አንደኛው ሲኒየር። በኮምፒውተር የተጻፈ ወረቀት አወጡ፤ ለፊርማ ቦታው ላይ ነጠብጣብ ተደርጎበታል። ደግነቱ የሥርዓተ ፆታ ቢሮዋ ሴት ከች አለች። ወረቀቱን ተቀብላ እስከ መጨረሻው አነበበችው። ከዚያ አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችውና "ይኼ ለመዝገቡ ይጠቅመናል" አለቻቸው። ሽማግሌ እንደዚያ ተጣድፎ ሲወጣ አይቼ አላውቅም። ብርቱካኑን እንኳ ትተውት ሄዱ።

"ታረቁና ይለቅ" የሚለው ነገር በሕጋችንም ውስጥ ኖሮ ያውቃል። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ፣ የተደፈረችው ልጅ የደፈራትን ሰው በፈቃዷ አገባችው ከተባለ ክሱን ያስቀር ነበር። "በፈቃዷ" የሚባለው እንዴት እንደሚገኝ የምናውቅ እናውቃለን፤ ሽማግሌ ደጋግሞ ይላካል፣ አባት ያፍራል፣ እናት ታለቅሳለች። አሁን ያለው ሕግ ይህን አውጥቶ ጥሎታል። አስገድዶ መድፈር በአንቀጽ 620 ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እሥራት ያስቀጣል። ልጅቷ 13 ሞልቷት 18 ያልሞላት ከሆነች ወይም ድርጊቱ በቡድን ከተፈጸመ እስከ 20 ዓመት ይሄዳል። ፍሬሽ ሲገቡ 18 ያልሞላቸው እንዳሉ ደግሞ ሁላችንም እናውቃለን። ይህ ክስ በተበዳይዋ አቤቱታ ላይ ብቻ የቆመ አይደለም። ታረቀች ተብሎ አይቆምም። እንግዲህ ሽማግሌው ለልጅቷ ይዞላት የሚመጣው ምንድን ነው? ከብርቱካኑ በቀር።

ኮሌጁ ራሱ ሽማግሌ ሲሆን ይብሳል። "የተቋሙን ስም እናስብ፣ ውስጥ ለውስጥ እንጨርሰው" ይባላል። ዲስፕሊን ኮሚቴና ፖሊስ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ኮሚቴው ማገድም ማሰናበትም ይችላል፤ ፍርድ ቤት እስኪወስን እጁን አጣጥፎ መቀመጥ የለበትም። ፖሊስም የኮሚቴውን ቃለ ጉባኤ አይጠብቅም። አንዱ "ጉዳዩ እነሱ ጋ ነው" ብሎ ሲመልሳችሁ አትመለሱ። ሴክሽን የሚቀየር ከሆነም እሱ ይቀየር። ያየሁት ግን ብዙ ጊዜ ሌላ ነው። እሷ የማቋረጫ ቅጽ (ዊዝድሮው) ሞልታ በመናኸሪያ በኩል ወደ አገሯ ትሄዳለች፣ እሱ ካፌ ተሰልፎ ይበላል።

ወንዶች ልጆቼ፣ ከእናንተም ጋር ጉዳይ አለኝ። "ጠበሳ ነው" ትላላችሁ። ጠበሳ እምቢ ሲባል ያበቃል፤ ካላበቃ ሌላ ነገር ሆኗል ማለት ነው። በር ላይ ቆሞ ፍሬሽ የሚለክፍ ልጅ የሚለክፈው ለልጅቷ ብሎ እንዳይመስላችሁ። ለእናንተ ነው፣ እንድትስቁለት። ስለዚህ ያልሳቀ ጓደኛ ብዙ ሥራ ይሠራል፤ "ተው እንጂ፣ ሙድ የለውም" ካለው ደግሞ የበለጠ። እና ወንድም ይጠቃል፤ ክሊኒክ የመጡ ነበሩ፣ ከሴቶቹ ይልቅ ዘግይተው። 72 ሰዓቱ ለእናንተም ያው ነው።

የዶርም ጓደኞች፣ መጀመሪያ የሚነገረው ለእናንተ ነው። ለዲን አይደለም፣ ለእኔም አይደለም። በሌሊት አልጋችሁ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ስትነግራችሁ "ለምን ሄድሽ? ምን ለብሰሽ ነበር?" አትበሏት። "አብሽሪ፣ አብሬሽ ነኝ" በሉና ጫማችሁን አድርጉ። ሕክምናው አይዘግይ እንጂ ለፖሊስ መናገሩን እሷ ትወስን፤ በጉልበት አትጎትቷት። ዶርም ውስጥ የሰማችሁት ግሩፕ ላይ እንዳይወጣ። በስሟ የሚሠራጭ አንድ ስክሪንሹት ከጥቃቱ በኋላ የሚመጣ ሌላ ጥቃት ነው።

ማመልከቻ መጻፍ ስትወስን ደግሞ አግዟት። ረጅም አይሁን። ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታ፣ ማን ምን እንዳደረገ፣ ማን እንዳየ ወይም መጀመሪያ ለማን እንደነገረች። በሁለት ኮፒ ይሁን። አንዱ መዝገብ ቤት ገቢ ይደረግ፤ ሌላው ላይ ቁጥር አስጽፉበትና ማኅተም አስመቱበት፣ ከእናንተ ጋር ይቅር። "ቁጥር አያስፈልገውም፣ ለዲኑ በአካል እሰጥልሻለሁ" የሚላችሁ ሰው አይጠፋም። አመስግኑትና ቁጥሩን ጠይቁ።