በውርጭ ጊዜ የፍልፈል ወጥመድ እንዳይላወስ

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ትናንት ማታ ነው ያየሁት። ሱሉልታ ዳር በመስኖ ድንች ተክለህ ፍልፈል ከሥር ከሥሩ እየጨረሰብህ ነው፤ የብረት ወጥመድ ብታጠምድም ጠዋት ስትሄድ ወይ ተገልብጦ በአፈር ተቀብሮ ታገኘዋለህ፣ ወይ ውርጭ አጣብቆት ሳይፈናጠር ይጠብቅሃል። «ጥፋቱ የወጥመዱ ነው የእኔ?» ብለሃል። ወጥመዱ ደህና ነው። ችግርህ ያለው ከወጥመዱ ሥር ባለው አፈር ላይ ነው።

እኔም እዚያው ሜዳ ላይ ድንችና ነጭ ሽንኩርት ሳለማ ስድስተኛ ዓመቴ ነው። የመጀመሪያውን በጋ ሙሉ በዚሁ ነገር ስቃጠል ከረምኩ። ኅዳር መጨረሻ ላይ አንድ ቀን ሊነጋጋ ሲል ሄጄ የጉድጓዱን ክዳን ሳነሳ፣ በወጥመዱ መንጋጋ ላይ ውርጩ እንደ ደቀቀ ጨው ተነስንሶበታል። መርገጫውን፣ ፍልፈሉ ሲረግጠው ወጥመዱን የሚያፈናጥረውን፣ በእንጨት ብጫነው ወይ ፍንክች። ቀስ ብዬ ብረቱን ፈልቅቄ ሳነሳው ከሥሩ እንደ መስተዋት የሳሳ በረዶ አብሮት ተላጠ፤ የመርገጫው ቅርጽ ቁልጭ ብሎ ታትሞበታል። ፍልፈሉ ግን ሌሊት መጥቶ፣ ወጥመዱ ላይ ተራምዶ፣ የከፈትኩትን ቀዳዳ በአፈር ደፍኖልኝ ሄዷል። ሁለት መደብ ድንች በዚያ ሳምንት ብቻ ጠወለገብኝ። ተክሉን ስስበው ሥር የለው፣ ፍሬ የለው፣ እንደ ተሰካ እንጨት እጄ ላይ ይቀራል።

ያን ቀን የገባኝ ነገር፣ በረዶ ሆኖ የሚጋገረው አፈሩ ሳይሆን በአፈሩ ውስጥ ያለው ውሃ መሆኑ ነው። በደንብ የደረቀ አፈር ውርጭ ቢያድርበትም ዱቄት እንደሆነ ይነጋል። እርጥብ አፈር ግን ሁለት ጊዜ ይጎዳሃል። ውሃ በረዶ ሲሆን መጠኑ 9 በመቶ ያህል ስለሚጨምር ሌሊት ወጥመዱን ከሥር ወደ ላይ ይገፋዋል። ረፋድ ላይ ፀሐይ ሲያገኘው ደግሞ ይቀልጥና ሥሩ ባዶ ይቀራል። ወጥመዱ መላወስ የሚጀምረው ያኔ ነው። የሚላወስ ወጥመድ ፍልፈል አይዝም፤ ምክንያቱም ፍልፈል እግሩን አንስቶ የሚራመድ አውሬ ብቻ አይደለም፣ አፈር በፊቱ እየገፋ የሚመጣ ነው። ያልተደላደለ ብረት ካገኘ ከአፈሩ ጋር ጠቅልሎ ይገፋዋል። አንተ ተገልብጦ የምታገኘው ለዚህ ነው።

የእኛ አገር ውርጭ መሬቱን በጥልቀት በረዶ አያደርገውም፣ ላይ ላዩን ነው የሚይዘው። ግን ቦታው ረባዳ ነው፣ ከፍታውም ከ2,500 ሜትር በላይ ነው፤ ቀዝቃዛው አየር ሌሊት ከተራራው ወርዶ ሜዳው ላይ ይተኛል። ከኅዳር እስከ ጥር ሰማዩ ጥርት ብሎ ነፋስ ጸጥ ያለበት ምሽት ካየህ ውርጭ ጠብቅ። ደመና ባለበት ሌሊት ብዙም አትጨነቅ።

አሁን ወደ ሥራው። ደረቅ አፈር አስቀድመህ አዘጋጅ። እኔ ጥቅምት ላይ ዝናቡ እንዳለቀ ከጎተራው ሥር፣ ዝናብ ከማይነካው ቦታ ቀይ አፈር ዝቄ፣ ሸራ ላይ ፀሐይ አስመትቼ፣ በወንፊት ነፍቼ በማዳበሪያ ከረጢት ቤት ውስጥ አስቀምጣለሁ። ሁለት ከረጢት በጋውን ያወጣኛል። የማሳህን ዋልካ አፈር ለዚህ አትጠቀምበት፤ ውሃ ስለሚይዝ ከሁሉ በፊት የሚጋገረው እሱ ነው፣ ሲደርቅ ደግሞ ጓል ይሆንና መንጋጋው መሃል ይሰነቀራል። የገብስ እብቅ ካለህ ከአፈሩ ጋር ቀላቅል፣ ጥሩ ነው። አመድ ሞክሬ እርጥበት ስቦ ላቁጦ ሆነብኝ። ጨው አድርግ የሚሉህም ይኖራሉ፤ እውነት ነው ጨው ውሃው ቶሎ እንዳይጋገር ያደርጋል፣ ግን ብረቱን ያዝገዋል፣ አፈርህንም ያበላሻል። መሬቱ ክረምቱን ሙሉ በረዶ ሆኖ በሚከርምባቸው ብርዳም አገሮች ያሉ አጥማጆች ደረቁን አፈር ከቀለጠ ሰም ጋር አሽተው ውሃ እንዳይገባው ያደርጋሉ። ለእኛ ውርጭ ያ ሁሉ አያስፈልግም።

ስታጠምድ አዲስ የአፈር ቁልል ያለበትን ፈልግ፣ ቁልሉ ገና እርጥብ የሆነውን። ፍልፈሉ ከመሬት ሥር የሚመላለስበትን መንገድ እስክታገኝ በዶማ ቆፍር። መንገዱ ወደ ሁለት አቅጣጫ ስለሚሄድ ሁለት ወጥመድ ያስፈልግሃል፣ በየአቅጣጫው አንድ። ከተከፈተው ቀዳዳ አንድ ስንዝር ያህል ወደ ውስጥ ገባ በልና ወለሉን በወጥመዱ ልክ ጥረግ፤ ሲቀመጥ መንጋጋው ከወለሉ እኩል እንዲሆን እንጂ እንደ ደፍ ከፍ እንዳይል። እርጥቡን አፈር አውጥተህ ሁለት ጣት ውፍረት ደረቅ አፈር አንጥፍና በጡጫህ ደልድል።

እዚህ ላይ አትቸኩል፤ እኔ ከጠቅላላው ጊዜዬ ግማሹን የማጠፋው እዚህ ነው። ወጥመዱን አስቀምጠህ ከመንጋጋው ውጪ ዙሪያውን፣ ከሞላውም ሥር፣ ደረቅ አፈር እየጨመርክ በእንጨት ጫፍ ጠቅጥቅ። ከዚያ መንጋጋው እንዳይፈናጠር የሚይዘውን ማሰሪያ እንደያዝክ የመንጋጋውን ዳር በአንድ ጣት ተጫን፣ በግራ፣ በቀኝ፣ በፊት፣ በኋላ። ከአንዱ ወገን ትንሽ እንኳ ሰግዶ ከተነሳ አንሳውና እንደገና ጀምር። ጥሩ ሆኖ የተደላደለ ወጥመድ ድንጋይ ላይ የተመታ ምስማር ነው የሚመስለው። ከመርገጫው ሥር ግን አፈር አይግባ፣ እሱ ባዶ መሆን አለበት። እኔ መርገጫውን በአንድ ደረቅ የባሕር ዛፍ ቅጠል እሸፍንና በላዩ የተነፋ አፈር እንደ በርበሬ እነሰንስበታለሁ። ሰንሰለቱን በሽቦ ከካስማ ጋር እሰር፤ ካስማው ከእርጥቡ አፈር አልፎ ጠንካራው ድረስ ይውረድ፣ ክንድ ያህል ይበቃል።

ፍልፈል የሚመጣው የተከፈተውን ቀዳዳ ሊደፍን ስለሆነ አፉን ሙሉ በሙሉ አትዝጋው። ሙሉ ክፍት ከተውከው ደግሞ ብርዱ ይገባል። ጣውላ ወይም ቆርቆሮ ጣልበት፣ ጣት የምታስገባ ክፍተት ተው፣ ድንጋይ ጫንበት። ድንጋዩ ለብርዱ ብቻ አይደለም። ጥጃና ውሻ እዚያ ሜዳ ላይ ይውላሉ፣ ልጆችም ከብት ይጠብቃሉ። የጎረቤቴ ቡችላ በእኔው ወጥመድ እግሩን ተይዞ ሲጮህ ሰምቼ የሮጥኩትን ሩጫ አልረሳውም፤ ክዳኑን ነፋስ ወስዶት ነበር። ለጃርትና ለሌላ አውሬ ብለህ ሜዳ ላይ እንዳታጠምድ፣ ዱር እንስሳ ማደን ፈቃድ ይጠይቃል፣ የሚያዘውም አንተ ያሰብከው ላይሆን ይችላል።

ጠዋትና ማታ ሳታይ አትዋል። የተያዘ ፍልፈል ካገኘህ በእጅህ አትንካው፣ የሚቆፍርበት ጥርስ ነውና ጣት ይቆርጣል። ሳታሰቃየው ቶሎ ጨርሰው።

አንድ ነገር ረስቼ ነበር፤ መስኖ ባጠጣህበት ቀን አታጥምድ። ቢያንስ ሦስት ቀን አፈሩ ይጠንፍፍ። ትናንት አጠጥተህ ከሆነ ወጥመዶቹን ዛሬ አውጥተህ ዝገታቸውን አራግፍ፣ አድርቃቸው፣ ያንን ደረቅ አፈር እስከዚያው ፀሐይ ላይ አስጣው።