የት ልቁም? ጆሮዬስ? ስለ ሮክ ኮንሰርት የጠየቃችሁኝ

ከኮንሰርት ኮንሰርት ስዞር ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ከዚህ ውስጥ ስድስቱን ዓመት ከታዳሚው መሀል ሳይሆን ከሚክሰሩ (ድምፅ ከሚቀላቀልበት ማሽን) ጀርባ፣ ኬብል እየጎተትኩ አሳልፌያለሁ። «የምወደውን ባንድ ለመጀመሪያ ጊዜ ላይቭ ላየው ነው» የሚል ሰው ሲበዛብኝ በሉ ጠይቁኝ አልኩ። ጠየቃችሁ። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌያቸዋለሁ። ዓመተ ምህረቱ ሁሉ በፈረንጆቹ ነው።

ጥያቄ፦ የት ብቆም ይሻለኛል? ጓደኞቼ «ከፊት፣ መድረኩን ከሰው የሚለየው አጥር ስር» እያሉ ነው።

መልስ፦ ማየት ከፈለግሽ አጥሩ ስር። መስማት ከፈለግሽ ሚክሰሩ አጠገብ። ሁለቱን አንድ ላይ የሚሰጥሽ ቦታ የለም። የድምፅ ባለሙያው ሁሉንም ነገር የሚያስተካክለው በቆመበት ቦታ በሚሰማው ልክ ነው። ከሱ ሁለት ሦስት እርምጃ ፊት ብትቆሚ የሱን ጆሮ ተዋስሽ ማለት ነው። አጥሩ ስር ግን ዋናዎቹ ስፒከሮች ከላይ ተሰቅለው ድምፃቸው በአናትሽ ላይ ያልፋል። አንቺ ጋ የሚደርሰው የድራሙ የራሱ ድምፅ፣ የጊታሩ አምፕ (የራሱ ድምፅ ማጉያ) እና መሬት ላይ የተደረደሩት፣ ወፍራሙን ድምፅ የሚያወጡት የቤዝ ስፒከሮች ጉምጉምታ ነው። ዘፋኙ አፉን ሲከፍት ታያለሽ፤ ምን እንዳለ ግን ከግጥሙ ጋር ካልተዋወቅሽ አትለዪውም።

እኔ አንዴ ሙሉ ምሽት አጥሩን ተደግፌ ቆምኩ። ጊታሪስቱ ከፊቴ ነበር። የግራ እጁ የቀለበት ጣት ላይ ፕላስተር ነበረው። ሦስተኛው ዘፈን ላይ ጫፉ ተላቀቀ። በሁለት መስመር መሀል ባለችው ክፍተት በጥርሱ ነቅሎ ተፋውና ቀጠለ። ከዚያ ምሽት ሙዚቃ የማስታውሰው ትንሽ ነው። ፕላስተሩን ግን እስከዛሬ አልረሳሁትም። ስለዚህ አጥሩ ስር አትሂጂ አልልሽም፤ ምን ፍለጋ እንደምትሄጂ ግን ቀድመሽ እወቂ።

ደግሞ የቤዝ ስፒከሮቹ ግራና ቀኝ ከተቀመጡ፣ ልክ መሀል መስመሩ ላይ የሁለቱም ድምፅ እኩል ደርሶ ይደመራል። ደረትሽን የሚመታው እዚያ ነው። ትንሽ ወደ ጎን ስትሄጂ አንዳንዱ ኖታ ጥፍት ይላል። ቤዙ ከከበደሽ ሁለት ሜትር ፈቀቅ በይ።

ጥያቄ፦ ትኬቴ ስታዲየሙ መጨረሻ ላይ ነው። የድራመሩ እጅና ድምፁ አይገጥምም የሚሉኝ እውነት ነው?

መልስ፦ እውነት ነው። ሙቀቱ 20 ዲግሪ ሲሆን ድምፅ በሰከንድ 343 ሜትር ያህል ይጓዛል። አንተ 100 ሜትር ርቀህ ከቆምክ ወደ 0.3 ሰከንድ ይወስድበታል። ስቲኩ ሲወርድ ታያለህ፣ ምቱ ኋላ ይመጣል። ለዚህ ነው ትልልቅ ሜዳ ላይ መሀል ቦታ የስፒከር ማማ የሚተከለው። ማማው ሆን ተብሎ እንዲዘገይ ይደረጋል፤ የሱ ድምፅ ከመድረኩ ከሚመጣው ጋር እኩል እንዲገባልህ። ባይዘገይ ሁሉንም ነገር ሁለቴ ነበር የምትሰማው። ማማው ካለ አልፈኸው፣ ስፒከሩ በዞረበት በኩል ቁም። ከብዙ ውድ ትኬት የተሻለ ይሰማሃል።

ድሮ ይሄ ሁሉ አልነበረም። ቢትልሶች በ1965 ኒው ዮርክ፣ ሼይ ስታዲየም ላይ ከ55 ሺህ ለሚበልጥ ሕዝብ ሲጫወቱ የያዙት 100 ዋት አምፕ ነበር። የዛሬ ጊታሪስት መካከለኛ አዳራሽ ይዞት የሚገባው ማለት ነው። ዘፈኑ ለሕዝቡ ይሄድ የነበረው በስታዲየሙ በራሱ ስፒከር ነው። ጩኸቱ ዋጣቸው፤ ራሳቸውንም አይሰሙም ነበር። በተከታዩ ዓመት ነሐሴ ላይ ከኮንሰርት ጉዞ ጨርሰው ወጡ።

ጥያቄ፦ የ16 ዓመት ልጄ ካልሄድኩ ብሎ ይዞኛል። ጆሮው እንዳይጎዳ ፈራሁ። ጥጥ ባደርግለት ይበቃል?

መልስ፦ ጥጥ አይበቃም እናቴ። ፍርሃትዎ ግን ልክ ነው። ለሥራ ቦታ የሚሰጠው የታወቀ ምክር 85 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ ነው) ለ8 ሰዓት ነው። በየ3 ዴሲቤሉ ጭማሪ ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል። ሲያሰሉት 100 ዴሲቤል ላይ 15 ደቂቃ ብቻ ይቀራል። የሮክ ኮንሰርት 100 መድረስ ብርቁ አይደለም፤ ደግሞ ሁለት ሰዓት ይፈጃል።

የጆሮ መድፈኛ ይግዙለት። ከስፖንጅ የሚሠራው ርካሹ ጆሮ ይጠብቃል፤ ቀጭኑን ድምፅ ስለሚበላ ግን ሙዚቃውን ያፍነዋል። ለሙዚቀኛ ተብሎ የሚሠራው ሁሉንም በእኩል ነው የሚቀንሰው፤ ልጁ «አልሰማም» ብሎ አውልቆ ኪሱ አይከተውም። ስፖንጁን ከመረጡ አደራረጉን ያሳዩት። በጣት አጥብቆ ማድቀቅ፣ በሌላው እጅ ጆሮን ወደ ላይ መሳብ፣ ማስገባት፣ ከዚያ እስኪነፋ ግማሽ ደቂቃ ያህል በጣት መያዝ። ብዙ ሰው ጫፉን ብቻ ሰክቶ «አይሠራም» ይላል።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 ባወጣው መመሪያ የኮንሰርት አማካይ ድምፅ ከ100 ዴሲቤል እንዳይበልጥ፣ አዳራሾችም ጆሮ የሚያርፍበት ጸጥ ያለ ቦታ እንዲያዘጋጁ ጠይቋል። ያለ ምክንያት አይደለም። ዘ ሁ የተባለው ባንድ በ1976 126 ዴሲቤል ተለክቶለት ጊነስ መዝገብ ላይ ሰፍሮ ነበር። መዝገቡ በኋላ ሰው ጆሮውን እንዳያጠፋ ብሎ ይህን ውድድር ተወው። የባንዱ ጊታሪስት ፒት ታውንሸንድ ስለተጎዳው ጆሮው በአደባባይ ሲናገር ኖሯል። እኔም በልጅነት ጉራ ያለ መድፈኛ ገብቼ ሦስት ቀን ሙሉ ጆሮዬ ሲጮህብኝ ከርሟል። በሁለተኛው ቀን ሌሊት ትራሱ ላይ ተኝቼ ያንን ፉጨት ስሰማ እንደገና አልሞክራትም አልኩ።

ጥያቄ፦ ትኬት አለቀ! በሌላ ሰው በኩል በእጥፍ ልግዛ?

መልስ፦ ቆይ። መድረኩ ከተተከለ በኋላ ለካሜራ፣ ለሚክሰርና ለዕይታ ግርዶሽ ተብለው የተያዙ ወንበሮች ነፃ ይወጣሉ። ብዙ ጊዜ በመጨረሻዎቹ ቀናት፣ አንዳንዴም በዕለቱ ጠዋት ዋናው ሽያጭ ላይ ብቅ ይላሉ። ቶሎ ቶሎ እየገባህ እይ። የተበተነው ባንድ ሌድ ዜፕሊን በ2007 ለንደን ላይ ለአንድ ምሽት ዳግም ሲገናኙ የትኬት ጥያቄው ወደ 20 ሚሊዮን ደርሶ ነበር፤ እንደዚያ ከሆነብህ ግን እኔም ምክር የለኝም።

ጥያቄ፦ ላይቭ ሲዘፍኑ ከአልበሙ ለምን ይለያል? ዘፋኙ ዝቅ አድርጎ ሲዘፍን ሰምቼ አዘንኩ።

መልስ፦ አትዘኚ። አልበም ላይ የምትሰሚው ድምፅ ብዙ ጊዜ ከተደጋገመ ቀረጻ ምርጥ ምርጡ ተለቅሞ የተገጣጠመ ነው። መድረክ ላይ ግን አንድ ዕድል ነው ያለው፤ ሰውየውም በሳምንት አራትና አምስት ምሽት ይዘፍናል። ዕድሜ ሲገፋ ደግሞ ባንዱ ጊታሩን ግማሽ ድምፅ ዝቅ አድርጎ ይቃኛል፤ ከፍተኛው ኖታ እንዳይበጠስ። ይሄ ማጭበርበር አይደለም፣ ብልሃት ነው። የባሰው ከፍ አድርጎ እየጮኸ ጉሮሮውን ዘግቶ ቀጣዩን ከተማ የሚሰርዘው ነው።

ጥያቄ፦ ጆሯቸው ውስጥ የሚሰኩት ምንድን ነው?

መልስ፦ የራሳቸውን ድምፅ የሚሰሙበት ሞኒተር ነው። እያንዳንዱ ለሱ የሚስማማው ሚክስ (የድምፆች ቅልቅል) አለው። ችግሩ እናንተን ይዘጋባቸዋል። ስለዚህ መድረኩ ጠርዝ ላይ ወደ ሕዝቡ የዞሩ ማይኮች ይደረጋሉ። እነሱ ለቀረጻ ብቻ አይምሰላችሁ፤ ጩኸታችሁ ወደ ዘፋኙ ጆሮ የሚገባው በነሱ ነው።

ጥያቄ፦ በስልክ ልቅረጽ?

መልስ፦ አንድ ዘፈን ቅረጽና ኪስህ ክተተው። የስልክ ማይክ ያንን ጩኸት ብዙውን ጊዜ አይችለውም፤ ቤት ገብተህ የምትሰማው ፍርፍር ያለ ነገር ነው። ከኋላህ ያለውም ሰው ከፍሎ የገባው ስልክህን ሊያይ አይደለም። ሮከሩ ጃክ ዋይት በ2018 የኮንሰርት ጉዞው የታዳሚውን ስልክ በሚቆለፍ ከረጢት ያስከትት ነበር። እኔ ያን ያህል አልጨክንም።

ጥያቄ፦ ቁመቴ አጭር ነው። ግፊያ ያስፈራኛል። ልቅር?

መልስ፦ አትቅሪ። ግን ወንበር ያለው ትኬት ከተገኘ እሱን ያዢ። ቁጥር በሌለው ሜዳ ላይ ከሆነ ጥግ ያዢ፤ ስትገቢ ከመድረኩ በፊት መውጫውን እዪ። ጨዋታ አይደለም፦ በ1979 አሜሪካ፣ ሲንሲናቲ ውስጥ ኮንሰርት በር ላይ በተፈጠረ ግፊያ 11 ሰው ሞቷል፤ በ2000 ዴንማርክ፣ ሮስኪልድ ፌስቲቫል ላይ 9። ብዙ ሰው የሚሞተው ተረግጦ ይመስለዋል። ዋናው ነገር ደረት ተጨምቆ መተንፈስ ማቃት ነው።

ምልክቱ ይሄ ነው። ከሁሉም አቅጣጫ ሰው ከነካሽ፣ እጅሽን ወደ ፊትሽ ማንሳት ካቃተሽ፣ አሁኑኑ ውጪ፤ የሚቀጥለውን ዘፈን አትጠብቂ። ከጠበበ ሁለት እጅሽን እንደ ቦክሰኛ ከደረትሽ ፊት ያዢ፤ የመተንፈሻ ቦታ ነው። ሕዝቡ ሲገፋ ተቃውመሽ አትግፊ፤ ሞገዱ ጋብ ሲል ወደ ጎንና ወደ ኋላ አግድም እየተንሸራተትሽ ውጪ። የወደቀ ስልክ ለማንሳት ግን በፍጹም አታጎንብሺ። የወደቀ ሰው ካየሽ ጎረቤቶችሽን ጠርተሽ አንሱት።

ጥያቄ፦ ሰላም ብለው ወጡ። ይመለሳሉ ወይስ ልሂድ?

መልስ፦ «ይደገም!» እያልክ መድረኩን እይ። የአዳራሹ መብራት ካልበራ፣ አንድ ጥቁር የለበሰ ልጅም ጎንበስ ብሎ ጊታር እየቃኘ ከሆነ ይመለሳሉ። መብራቱ በርቶ በስፒከር የሌላ ሰው ዘፈን ከተለቀቀ ጃኬትህን ልበስ።

ጥያቄ፦ ዩቲዩብ ላይ በጥራት አለ። ለምን ልደክም?

መልስ፦ የፉ ፋይተርስ ባንድ ዘፋኝ ዴቭ ግሮል በ2015 ስዊድን፣ ጎተንበርግ ላይ ከመድረክ ወድቆ እግሩን ሰበረ። ሕክምና ተደርጎለት ተመልሶ ተቀምጦ ኮንሰርቱን ጨረሰ። ያን ቀን እዚያ የነበረ ሰው ቪዲዮውን ካየው ሰው ጋር እኩል አያወራም።

የኔው ግን ከዚህ ያነሰች ናት። አንድ ምሽት ዘፈኑ መሀል ስፒከሮቹ ድርግም አሉ። ድራመሩ ብቻ ቀረ፤ አላቆመም። ሕዝቡ አዝማቹን ተቀበለና አምስት ደቂቃ ያህል ያለ ባንድ ዘፈንን። ድምፁ ሲመለስ እኛ ከቅኝቱ ወርደን ሌላ ቦታ ነበርን። ጊታሪስቱ አንገቱን ሰበር አድርጎ ሰማን፣ ሳቀ፣ እጁን በጊታሩ አንገት ላይ ሁለት ፍሬት (ሁለት ክፍል) ወደ ታች አወረደና ካለንበት ተቀበለን።

ጥያቄ፦ ምን ጫማ ላድርግ?

መልስ፦ የተዘጋ፣ እግርሽ የለመደው። ነጭ ግን አይሁን።