«ሲልከኑን ስንት ጊዜ ላስቀባው?»

ከጅማ፣ ከቆጪ ሰፈር አንዲት እህት እንዲህ ብላ ጽፋልኛለች። «ጋሼ፣ ሻወር ትሬው (ቆመን የምንታጠብበት ዝርግ ገንዳ) ዙሪያ ያለው ሲልከን በየሁለት ወሩ ይላቀቃል። ሦስት ጊዜ አስቀባሁት። አሁን ከጀርባው ያለው የመኝታ ቤት ግድግዳ ቀለሙ እየተላጠ ነው። የታችኛው ረድፍ ሴራሚክም ሲነኩት ይነቃነቃል። አራተኛ ላስቀባው ወይስ ሁሉንም ላስፈርሰው?» ፎቶም አያይዛለች።

ጋሼ ካልሺኝ እኔም አንቺ ልበልሽ። አራተኛ እንዳታስቀቢው። ሁሉንም ለማፍረስም አትቸኩዪ።

ፎቶውን ሳየው ሴራሚኩ ከትሬው ጀርባ እስከ ወለሉ ድረስ ወርዷል። ሠራተኛው ግድግዳውን ጨርሶ ነው ትሬውን ገፍቶ ያስጠጋው ማለት ነው። የቀረውን ክፍተት በነጭ ሲሚንቶ ሞላ፣ ከላዩ ሲልከን ቀባ፣ ሂሳቡን ተቀብሎ ሄደ። ሥራው የተገላቢጦሽ ነው። ትሬው ይቀድማል። ሴራሚኩ ከላይ መጥቶ የትሬው ጠርዝ ላይ ይወርዳል። የጣሪያ ቆርቆሮ እንዴት እንደሚደረብ አስቢው፤ ውሃው ወደ ውጭ እንጂ ወደ ውስጥ መንገድ አያገኝም።

ሲልከኑን የሚበጥሰው ግን ሌላ ነገር ይመስለኛል። አንድ ነገር ሞክሪ። ከደብተር ወረቀት ቅደጂና አጥፈሽ፣ ሲልከኑ በለቀቀበት ቦታ እስኪጠብቅ ሸጉጪው። ከዚያ ከቤተሰቡ ከበድ የሚለው ሰው ትሬው መሃል ይቁም። ወረቀቱ ከላላ ትሬው ሥሩ ባዶ ነው። ብዙዎቹ አራት ማዕዘኑ ላይ ጡብ ያደርጉና ፕላስቲኩን እላዩ ያስቀምጡታል። ሰው በቆመ ቁጥር መሃሉ ይረግባል፣ ጠርዙ ከግድግዳው ይሸሻል። ነጭ ሲሚንቶ ይሰነጠቃል። ሲልከን ይለጠጣል፣ ግን በቀን አምስት ጊዜ ሲጎተት እሱም ይሰለቻል።

ከማፍረስሽ በፊት ውሃው ከየት እንደሚወጣ ለዪ። ሁለት ቀን ማንም አይታጠብበት። መጀመሪያ ሁለት ባልዲ ውሃ ግድግዳውን ሳትነኪ ቀጥታ የትሬው ውሃ መውጫ ላይ ድፊ። በማግስቱ መኝታ ቤት በኩል ከረጠበ ጥፋቱ የቧንቧው ነው፤ ሴራሚክ ሠሪ ሳይሆን ቧንቧ ሠራተኛ ጥሪ። ደረቅ ከሆነ ሻወሩን ግድግዳው ላይ ለሩብ ሰዓት ክፈቺው። ያኔ ከረጠበ ውሃው የሚገባው በሴራሚኩና በትሬው መጋጠሚያ በኩል ነው፤ የምንፈልገው እሱን ነው።

ከዚያ በአንድ ብር ሳንቲም ሴራሚኩን ከታች ወደ ላይ ቆርቁሪ። የተለጠፈው ድፍን ድምፅ ይሰጣል፣ የለቀቀው እንደ ባዶ ጣሳ ይጮሃል። ባዶ የሚጮኸው ሁሉ ይነሳል። ብዙ ጊዜ የታችኛው ሁለት ረድፍ ይበቃል። ስታነሺው ጀርባው ላይ አምስት ቦታ ጉብ ጉብ ያለ ሲሚንቶ ካገኘሽ አትደነቂ። በመሃል ያለው ባዶ ቦታ ውሃ ማጠራቀሚያ ሆኖልሻል። ማጣበቂያ ጥርስ ባለው ብረት ሙሉ ለሙሉ ነው የሚለቀለቀው።

ትሬው ይነሳና 1 ሲሚንቶ ለ4 አሸዋ የሆነ፣ ብዙ ያልቀጠነ ቡኮ ሥሩ ተነጥፎ እላዩ ይቀመጣል። ጠርዙ በውሃ ልክ ይታያል። የረጠበው ልስን ይፈቀፈቅና በአዲስ ይለሰናል። ሲደርቅ ሁለት እጅ ዋተርፕሩፍ (ውሃ የማያሳልፍ ቅብ) ይቀባል። ከዚያ ሴራሚኩ ይወርዳል፣ ትሬውን ግን አይነካም፤ የሁለት ክብሪት እንጨት ውፍረት፣ 4 ሚሊ ሜትር ገደማ ይተውለት። እዚያ ክፍተት ውስጥ ነጭ ሲሚንቶ እንዳይገባ። የሲልከን ቦታ ነው።

ይህን ሁሉ በሐምሌ አትጀምሪው። የጅማን ክረምት ታውቂዋለሽ፤ የታጠበ ካልሲ እንኳ ሦስት ቀን ይፈጃል፣ የራሰ ብሎኬት ደግሞ ሳምንታት። እርጥብ ግድግዳ ላይ የተቀባ ነገር ሁሉ ይላጣል። እስኪያባራ ድረስ በባልዲ ታጠቡ። የሚገርመው ሲልከን ራሱ የሚደርቀው ከአየሩ እርጥበት ወስዶ ነው። የጅማ አየር አይጎዳውም፤ የሚጎዳው የሚቀባበት ቦታ እርጥብ ሲሆን ነው።

ሲልከኑን መርካቶ ስትገዢ ለመታጠቢያ ቤት የሚሆን፣ ሻጋታ የሚከላከል መሆኑን እይ። የማለቂያ ቀኑንም እይ፤ ያለፈበት እንደ ማስቲካ ሆኖ ይቀራል። አክሪሊክ የሚለውን አትውሰጂ፣ እሱ የቀለም ቀቢዎች ነው። አሮጌው በምላጭ ተፍቆ አንድም ክር ሳይቀር ይነሳ፤ ሲልከን በሲልከን ላይ አይያዝም። ቦታው በአልኮል ይጠረግ። ከዚያ መውጫው ተደፍኖ ትሬው በውሃ ይሞላና፣ በውሃው ክብደት ረግቦ ሳለ ሲልከኑ ይቀባ። ውሃው እስከ ማግስቱ ይቆይ። ሲለቀቅ ትሬው ትንሽ ወደ ላይ ይመለሳል፣ ሲልከኑም ይጨመቃል እንጂ አይጎተትም።

ሠራተኛ ስታነጋግሪ ስለ ዋጋው ከማውራትሽ በፊት «ትሬውን በምን ላይ ነው የምታስቀምጠው?» በይው። «አራት ጡብ» ካለሽ ቡና አጠጥተሽ ሸኚው።